ራሱን የሚያጠጣው የአትክልት ሳጥን፦ ከችግኝ እስከ ድስት

ይህን ሳጥን እንድገዛ ያደረገኝ ቲማቲም ነው። ከዚያ በፊት በተራ የፕላስቲክ መትከያ ስድስት እግር ቲማቲም ተክዬ ነበር። አደጉ፣ አበቡ፣ ፍሬ ያዙ። ከዚያ ፍሬዎቹ ከስር በኩል ይጠቁሩ ጀመር። ጥቁሩ ቦታ እየሰፋና እንደ ቆዳ እየጠነከረ ሄዶ ግማሽ ያህሉን ለቅሜ ጣልኩ። በጣም አዝኜ ነበር። ጠዋትና ማታ ለወራት ስትንከባከቡት የኖራችሁት ነገር ድስት ሳይደርስ ሲቀር ያንገበግባል።

ምክንያቱን ሳጣራ ጥፋቱ የአጠጣጤ ሆኖ አገኘሁት። ፍሬው ከስር የሚበሰብሰው ካልሲየም ሲያጥረው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ጠፍቶ አይደለም። ካልሲየም ከሥሩ ተነስቶ ፍሬው ጋ የሚደርሰው ከውሃ ጋር ስለሆነ፣ አፈሩ አንድ ቀን ጭቃ በማግስቱ ደግሞ ደረቅ ሲሆን ጉዞው ይቋረጣል፤ መጀመሪያ የሚጎዳውም ከሁሉ ራቅ ብሎ ያለው የፍሬው ጫፍ ነው። እኔ ደግሞ የማጠጣው እንደዛ ነበር። ሥራ ሲበዛ እረሳለሁ፣ ሳስታውስ በባልዲ እደፋበታለሁ። ስለዚህ ማዳበሪያ ከመጨመር ይልቅ ውሃውን የሚያስተካክል ነገር ፈለግኩ።

ሁለት ሳጥን ገዛሁ። ሁለት የመትከያ ወቅት ሙሉ ተጠቅሜባቸዋለሁ። ስለ እንደዚህ ዓይነት ዕቃ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ተክሉ ቁመትና ስለ ቅጠሉ ልምላሜ ነው። እኔ ግን ሳጥኑን የመዘንኩት ምድጃ ላይ ነው። የሚያምር ተክል ውሃ ውሃ የሚል ስጎ ከሰጠኝ ምን ይጠቅመኛል?

አሠራሩ ቀላል ነው። ሳጥኑ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ስፋት፣ 35 ጥልቀት አለው። ከስር 15 ሊትር ያህል ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ አለ፤ ከላዩ አፈሩን የሚሸከም ቀዳዳ ቀዳዳ ወለል አለ። ከወለሉ ሁለት እግሮች ወደ ውሃው ይወርዳሉ፣ እነሱም በአፈር ይሞላሉ። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው፣ እነዚህ እግሮች ውስጥ ያለው አፈር ውሃውን እየሳበ ለላይኛው አፈር ያቀብላል። ተክሉ ሲጠጣ አፈሩ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይስባል። በአንዱ ጥግ የመሙያ ቱቦ አለ። ጎኑ ላይ ደግሞ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ አለ። ይህቺን ቀዳዳ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ለቲማቲም ያደረገልኝን በግልጽ ልናገር። በአንድ ሳጥን ሁለት እግር ተከልኩ። ከዚያ በላይ አትትከሉ፣ ይታፈናል። ችግኙን ስትተክሉ የታችኛዎቹን ቅጠሎች ቆርጣችሁ ግንዱን ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፣ የቲማቲም ግንድ አፈር ከነካ ሥር ያወጣል። ችግኞቹ ትንሽ እያሉ አንድ ሙሊት ከአሥር ቀን በላይ ቆየልኝ። ተክሉ ደረቴ ጋ ደርሶ ፍሬ በያዘበት የሙቀት ሰሞን ግን ያው 15 ሊትር ሦስት ቀን ነው የቆየው። ራሱን ያጠጣል ሲባል ለወር ትቶት መሄድ ይቻላል ማለት አይደለም። ሦስት ቀን ግን ትልቅ ነገር ነው። ቅዳሜና እሁድ ከቤት ርቄ ሰኞ ስመለስ ተክሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያገኘሁት ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ነው የሞላው።

ከስር የመበስበሱ ነገርስ? በመጀመሪያው ወቅት ከሁለቱ ሳጥኖች የጣልኩት ሁለት ፍሬ ብቻ ነው። ሁለቱም የተበላሹት ለአምስት ቀን መንገድ ሄጄ ማጠራቀሚያው ሙጥጥ ብሎ በደረቀበት ሳምንት ነው። ለኔ ይህ ብቻ የዕቃውን ዋጋ መልሷል።

አሁን ወደ ምድጃው እንምጣ። የመጀመሪያውን ለቀማ ሳመጣ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ፎቶ አነሳሁት። ትልልቅ፣ ለስላሳ፣ አንድም የተሰነጠቀ የሌለበት። ስጎ ሠራሁበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት አቁላልቼ ቲማቲሙን ጨመርኩ። ግማሽ ሰዓት ሆነው። አሁንም ይንተከተካል፣ አሁንም ሾርባ ነው። አንድ ሰዓት አካባቢ ሲሞላው ጠበቅ አለ፤ ጣዕሙ ግን የለም። ጣፋጭነቱም ኮምጣጣነቱም ደብዝዟል። በተራው መትከያ ያደጉት፣ ከመበስበስ የተረፉት እነዚያ ትናንሾቹ ቲማቲሞች ከዚህ ይበልጡ ነበር። ይህን መጻፍ ደስ አይልም፣ ግን እውነት ነው።

ነገሩ የሚገባ ነው። ውሃ ያለ ገደብ የሚያገኝ ተክል ፍሬውን በውሃ ያሳብጠዋል፣ ስኳሩና አሲዱም በዚያው ልክ ይቀጥናል። ያ ሳጥን ፍሬው ሳይበሰብስ እንዲያድግ የረዳበት ነገር፣ ፍሬው ሊቀላ ሲል ጣዕሙን ያቀጥነዋል። ስለዚህ ልማዴን ቀየርኩ። ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ እያደገ ሳለ ማጠራቀሚያው እንዲጎድል አልፈቅድም፤ ከስር የሚበሰብሰውም በዚያ ጊዜ ስለሆነ። የመጀመሪያዎቹ ዘለላዎች ቀለም መቀየር ሲጀምሩ ግን ማጠራቀሚያው ባዶ እስኪሆን እጠብቃለሁ፣ ባዶ ከሆነም በኋላ ቅጠሉ በከሰዓት ፀሐይ ትንሽ ለመጠውለግ ሲያስብ ብቻ አራት አምስት ሊትር እጨምራለሁ። ሙሉ በሙሉ ማድረቅ አይደለም። አድርቃችሁ ድንገት ከሞላችሁት ፍሬው ይሰነጠቃል። ዋናው እያጠበቡ መሄድ ነው።

ሁለተኛው ለቀማ ሌላ ነገር ነበር። ፍሬዎቹ አነስ ብለዋል። ስጎው በ35 ደቂቃ ውስጥ ማማሰያው ሲያልፍበት የድስቱ ወለል እስኪታይ ጠበቀ። ስቀምሰው ዝም ብዬ ቆምኩ። ጨው እንኳን ብዙ አልፈለገም። በመመሪያው ወረቀት ላይ ስለዚህ አንድ አረፍተ ነገር እንኳን አልተጻፈም፣ አምራቹ ሊጽፈው ይገባ ነበር። ሰዎች ቲማቲም የሚተክሉት ሊበሉት ነው።

ዘሩም ወሳኝ ነው። በአንዱ ሳጥን ለሰላጣ የሚሆነውን ትልቁን ክብ ዓይነት፣ በሌላው ሞላላውን የስጎ ዓይነት ነበር የተከልኩት። ሞላላው ሥጋው ብዙ፣ በውስጡ ያለው ዘርና ውሃ ጥቂት ነው፤ ለዚህ ሳጥን የሚሻለው እሱ ነው። ክቡ ውሃ ከያዘባችሁ ግን አትጣሉት። ለሁለት ከፍላችሁ የተቆረጠውን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ዘይትና ጨው ነክታችሁ በ150 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል አቆዩት። ውሃው ተንኖ ጣዕሙ ይሰበሰባል፣ ጠርዙ ይጨማደዳል። ይህን ዳቦ ላይ ወይም ፓስታ ውስጥ መሞከር ነው። ለሰላጣ ከሆነ ቆራርጣችሁ ጨው ነስንሳችሁ ወንፊት ላይ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት፤ የወረደውን ጭማቂ ግን አትድፉት፣ ዘይትና ትንሽ ኮምጣጤ ስትጨምሩበት የሰላጣው ማጣፈጫ እሱው ነው። የለቀማችሁትን ደግሞ ፍሪጅ አታስገቡ። ከ12 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ የቲማቲም ሽታው ይጠፋል። በሳህን ዘርግታችሁ ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ቆስጣ በዚህ ሳጥን ከተከልኩት ሁሉ ያለ ምንም ቅሬታ የተሳካልኝ ነው። ቅጠል ውሃ ይወዳል፣ ሳጥኑም የሚሰጠው ውሃ ነው። በቃ ተስማሙ። ከዳር ዳር ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎች ብቻ ከቆረጣችሁና መሃሉን ከተዋችሁት ለወራት ይሰጣችኋል። እኔ አራት እግር ተክዬ በሳምንት ሁለት ጊዜ እበላ ነበር። አሠራሬ ይኸው፦ አገዳውን ከቅጠሉ ለይቼ በቀጭኑ እከትፋለሁ። ነጭ ሽንኩርቱ በዘይት ሽታው ሲወጣ አገዳውን ሦስት አራት ደቂቃ አስቀድሜ ከጨመርኩ በኋላ ነው ቅጠሉን የማስከትለው። ቅጠሉ እጥበቱ ላይ የቀረበትን ውሃ ይዞ ይገባል፣ ሌላ ውሃ አይፈልግም። አንድ ሁለት ደቂቃ፣ ጨው፣ ሎሚ ጠብ፣ አለቀ። አንድ ላይ ከጨመራችሁት ወይ አገዳው ጥሬ ይሆናል ወይ ቅጠሉ ይሟሟል። ደግሞ መጠኑ አያታልላችሁ። መጥበሻ ሞልቶ የፈሰሰ የሚመስለው ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚሆነው።

ሰላጣም ጥሩ ነው፣ በተለይ በጠዋት ስትቆርጡት። ሌሊቱን ውሃ ስለሞላ ሲሰበር ድምፅ አለው። ሙቀት ሲበረታ ግን ግንዱ ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ቅጠሉም ይመራል። ያንን ሳጥኑ አያስቆመውም፣ ውሃ ሙቀትን አይተካም። ያኔ ነቅላችሁ ፎሶሊያ ዝሩበት። ፎሶሊያው ደግሞ በደንብ ይብሰል፣ ጥሬውን መብላት ሆድ ያውካል።

ካሮት ግን እርሱት። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ከሸፈብኝ። የመጀመሪያው ምክንያት ዘሩ ነው። የካሮት ዘር ከላይ ላዩን ነው የሚዘራው፣ እስኪበቅል ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሳጥኑ ውሃውን የሚያቀብለው ደግሞ ከስር ነው። የላይኛው ጣት የማይሞላ አፈር ሲደርቅ ዘሩ እዚያው ይቀራል። በሁለተኛው ሙከራ ከላይ በየቀኑ ውሃ እየረጨሁ አበቀልኩት። ግን የአፈሩ ጥልቀት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ታችኛው ክፍል ሁሌ እርጥብ ነው፣ ካሮቶቹም አጫጭርና ሁለት ሦስት እግር ያላቸው ሆነው ወጡ። ሾርባ ውስጥ ገቡ። ለካሮት ጥልቅና ውሃ የማያቁር አፈር ይሻላል።

እዚህ ላይ መመሪያው የዘለለው ሁለተኛ ነገር አለ። ችግኝ ስትተክሉም ሥሩ ገና አጭር ስለሆነ ከስር ያለው ውሃ ወዲያው አይደርስለትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከላይ አጠጡ። ወረቀቱ ማጠራቀሚያውን ሙሉና ተዉት ነው የሚለው። እኔም ተውኩት፣ ሦስት የቃሪያ ችግኝ ደረቀብኝ።

ወደዚያች ቀዳዳ ልመለስ። በሁለተኛው ወቅት ቃሪያው አምሮ ፍሬ ይዞ ሳለ ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ቅጠሉ ጠውልጎ አገኘሁት። ውሃ የጠማው መስሎኝ ሞላሁለት። በማግስቱ ባሰበት። አፈሩን ስምስ ሽታው መጥፎ ነው፣ እንደ ረጋ ኩሬ። ለካ ሥሩ አድጎ የትርፍ ውሃ መውጫዋን ቀዳዳ ደፍኗታል፣ የዝናቡ ውሃም ወለሉን አልፎ አፈሩን ሁሉ ሞልቶታል። ሥር አየር ካላገኘ ይታፈናል፣ የታፈነ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለሚያቆም ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ የተጠማ ይመስላል። ሁለቱ ቃሪያዎች ሞቱ። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቀጭን ሽቦ እያስገባሁ እፈትሻታለሁ። ቀዳዳዋ የእርሳስ ውፍረት ብቻ ያላት መሆኗ የንድፍ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። በእጥፍ ቢያሰፏት ምን ነበረበት?

ተንሳፋፊ የውሃ መለኪያውም አላስደሰተኝም። በአንደኛው ሳጥን በሁለተኛው ወር ተጣብቆ ቀረ፣ ባዶ ሆኖ ሙሉ ነው ይላል። አሁን ቀጭን ዱላ በመሙያው ቱቦ አስገብቼ ነው የማየው። የቱቦው ክዳን ደግሞ በደንብ አይገጥምም፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የረጋ ውሃ ባለበት የወባም ሆነ ሌላ ትንኝ ይራባል፣ ሙቀት ካለ ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስኪያወጣ ሳምንት አሥር ቀን ይበቃዋል። ቱቦውን በወንፊት ጨርቅ ሸፍኜ በላስቲክ አስሬዋለሁ። የትርፍ መውጫዋንም እንደዚያው። እናንተም ይህን ሳታደርጉ ውሃ አትሙሉበት።

ስለ አፈሩ። ከግቢ የተቆፈረ አፈር አታስገቡ። ይጠቀጠቃል፣ ከስር እርጥበት ሲያገኝ ጭቃ ይሆናል። እኔ የኮኮናት ገለባ ብናኝ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስትና ፐርላይት (አፈሩን የሚያላላ ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) ቀላቅዬ ነው የሞላሁት። ሁለቱን እግሮች ስትሞሉ በእጅ ጠቅጠቅ አድርጉ፣ ክፍተት ካለ ውሃው አይሳብም። ቀሪውን ግን ልል አድርጉት። ሳጥኑ ተሞልቶ ውሃ ከጠጣ በኋላ ለሁለት ሰው እንኳን ይከብዳል፣ ስለዚህ ቦታውን አስቀድማችሁ ምረጡ። ለቲማቲም ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልጋል። ሰገነት ላይ ከሆነ የሰገነቱን አቅም አስቡበት።

ማዳበሪያ ላይ ቆጠብ በሉ። በተራ መትከያ ከላይ ስታጠጡ ትርፉ ጨው ታጥቦ በስር ይወጣል። እዚህ ግን ውሃው ወደ ላይ ብቻ ስለሚሄድ ጨው ላይ ላዩን ይከማቻል። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ እሱ ነው። ፈሳሽ ማዳበሪያውን በግማሽ መጠን እሰጣለሁ፣ ወቅቱ ሲያልቅ ደግሞ ነጩን ቅርፊት ጠርጌ በብዙ ውሃ ከላይ አጥበዋለሁ።

ሦስተኛ ሳጥን ልጨምር አስቤ ነበር፣ ግን በገንዘቡ ፈንታ ሁለት ባዶ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይዤ ተመሳሳዩን ሠራሁ። ከፈለጋችሁ እንዲህ ነው። ባልዲዎቹ ምግብ የተያዘባቸው ይሁኑ፣ ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበት አይሆንም። አንዱን በሌላው ውስጥ ስታስገቡት ከስር ክፍተት ይኖራል፣ እሱ ነው ማጠራቀሚያው። የውስጠኛውን ባልዲ ወለል በትንንሽ ቀዳዳዎች ትበሱና መሃሉ ላይ ጎኗ የተበሳሳ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ የምታልፍበት ክብ ትቆርጣላችሁ፤ ኩባያዋ አፈር ሞልታ ውሃው ውስጥ ትቆማለች። ለመሙያ አንድ ቱቦ በጠርዙ በኩል እስከ ታች ይውረድ። የትርፍ መውጫውን ቀዳዳ በውጭኛው ባልዲ ላይ፣ ከውስጠኛው ወለል ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ብሱት። የኔን በትንሽ ጣት ልክ ነው የበሳሁት፣ ወንፊት ጨርቅም አድርጌበታለሁ። አንድ እግር ሞላላ ቲማቲም ተክዬበት አሁን ሦስተኛው ዘለላ ላይ ደርሷል። የታችኞቹ ፍሬዎች ትናንት ቢጫ ማለት ስለጀመሩ ውሃውን ማጥበብ ጀምሬያለሁ።